የሰፈሬ ኮንቢኒ

ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ክፍለ ከተማ ሐበሻ በርከት ይላል። ቅዳሜና እሁድ ቡናውም እንጀራውም አይጠፋም። በአዘቦት ቀን ግን የሚያኖረኝ የሰፈሬ ኮንቢኒ ነው።

ጃፓኖች ኮንቢኒ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሌት ተቀን የማይዘጋውን ትንሽ ሱቅ ነው። በአገሩ ከ50 ሺህ በላይ አለ። ሰቨን ኢለቨን የሚባለው የኮንቢኒ ድርጅት በጃፓን የመጀመሪያ ሱቁን እዚሁ ቶኪዮ፣ ቶዮሱ ላይ የከፈተው በ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ስሙ የድሮ የሥራ ሰዓቱ ነበር፤ በፈረንጅ ሰዓት ከሰባት እስከ አሥራ አንድ፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 5።

የመብራት፣ የጋዝና የውሃ ሂሳብ በፖስታ ይመጣል። ባርኮድ ያለበትን ወረቀት ለካሸሩ ትሰጠዋለህ፣ ጢው ያደርገዋል፣ ትከፍላለህ፣ ማኅተም መትቶ ቁራጩን ይመልስልሃል። አለቀ። ሰልፍ የለ፣ «ሲስተም የለም» የለ። ፕሪንት ማድረግ፣ ዕቃ መላክ፣ በውጭ አገር ካርድ ብር ማውጣት፣ ሁሉም እዚያው ነው።

ጾም ሲገባ ደግሞ ኦኒጊሪ አለልኝ፤ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ነው። እኔ የማነሳው በጨው የተዘፈዘፈ ፕሪም ያለበትን ነው። የዓሣ መረቅ ብዙ ነገር ውስጥ ስለሚገባ የጀርባውን ጽሑፍ በስልኬ ሳላስተረጉም አልገዛም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም።

ጓደኞቼ ኮንቢኒን ያሙታል። ባለሱቁ አያውቅህም፣ ዱቤ የለም፣ ጨዋታ የለም ይላሉ። እውነት ነው። እኔን ግን የተመቸኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ የሰፈራችን ባለሱቅ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ሲጋራ የገዛሁ ቀን እቤት ሳልደርስ እናቴ ሰምታ ጠበቀችኝ። ሁለት እንቁላል ጨምሬ ከገዛሁ «እንግዳ መጣ እንዴ?» ይለኛል። ዱቤው በችግር ቀን ነፍስ ያድናል፣ አልክድም። ደብተሩ ላይ ሂሳብ ሲቆለል ግን በዚያ ሱቅ በር ላለማለፍ ስንት መንገድ ዞሬያለሁ! እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በነጠላ ጫማ ገብቼ ሩዜን አስሙቄ እወጣለሁ። ጠያቂ የለም። ቋንቋው ገና ላልተፈታለት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

ሌሊቱን የሚያድሩት ካሸሮች ብዙዎቹ የኔፓልና የቬትናም ተማሪዎች ናቸው። የውጭ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ሕጉ ክፍያው ላይ 25 በመቶ ያስጨምራል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ይሻሙበታል። ቀን ትምህርት፣ ሌሊት ፈረቃ። የእኔ ምቾት የቆመው በእነሱ እንቅልፍ ላይ እንደሆነ ይገባኛል። ሰሞኑን ደግሞ የእኛው ሱቅ በር ላይ የሌሊት ሠራተኛ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኔፓላዊው ልጅ «አንተም ና» አለኝ። መጀመሪያ የሥራ ፈቃድ ከኢሚግሬሽን ማውጣት አለብኝ። ቅጹን ነገ እዚያው ፕሪንት አደርገዋለሁ።