የቀጭኔ ግፊት

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ጉሙ ወርዶ የጦሳ ተራራ አይታይም፤ ግን ጉሙ አይደለም። የእማዬ የደም ግፊት ነው። ትናንት ስትለካ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ክንዷ ላይ የተነፋው ጨርቅ ቀስ እያለ ሲተነፍስ፣ የመለኪያው ቀስት 180 ላይ ነጠር ነጠር ማለት ጀመረ። እሷ "አብሽር፣ ምንም አያመኝም" ትለኛለች። የሚያስፈራኝ እኮ ይሄው አለማመሙ ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ግፊት ሳነብ ቀጭኔ ላይ ደረስኩ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ቀጭኔ ጤነኛ ሆና፣ የግራር ቅጠል እየቀነጠሰች፣ ልቧ አካባቢ ያለው አማካይ ግፊት (በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለው) 200 ገደማ ነው። የጤነኛ ሰው አማካይ 100 እንኳ አይሞላም። ጭንቅላቷ ከልቧ 2 ሜትር ያህል ይርቃላ! ደሙ ያን ሁሉ ሽቅብ ወጥቶ አንጎሏ ጋ ሲደርስ ግፊቱ ወርዶ ከእኛ ጋር ይቀራረባል።

እግሯስ? እማዬ ከሰኞ ገበያ ዳገቱን ወጥታ ስትገባ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ይላል። ያን ሁሉ ግፊት የተሸከመው የቀጭኔ እግር ግን አያብጥም። ቆዳው እንደ ጥብቅ ካልሲ ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። የእግሯ ደም ቅዳዎችም ግድግዳቸው ወፍራም፣ ቀዳዳቸው ጠባብ ነው።

ውኃ ልትጠጣ ስታጎነብስ ደግሞ ደሙ አንገቷ ውስጥ ባሉት ትልልቅ ደም መልሶች ይጠራቀማል። ወደ ልቧ የሚመለሰው ስለሚያንስ ግፊቷ ይወርዳል። ቀና ስትል የተጠራቀመው ወደ ልቧ ይወርዳል፤ ልቧም በኃይል ይረጨዋል። ራሷን ስታ አትወድቅም። ይህን ለእማዬ ስነግራት "እሷንማ ሲፈጥራት አስቦበታል" አለች።

እኔን የነካኝ ግን ልቧ ነው። የእኛ ልብ ግፊት ሲበዛበት ይወፍራል፤ ቀስ በቀስም ጠባሳ እየያዘ ይደርቃል። የቀጭኔም ልብ አንገቷ በረዘመ ቁጥር ይወፍራል፤ ጠባሳ ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የቻይናና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ኤፍጂኤፍአርኤል1 የሚባለው ዘረመል አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። የቀጭኔን ዓይነት ዘረመል አይጦች ላይ አስገቡ። ከዚያ ግፊት የሚጨምር ሆርሞን ሰጧቸው። የእነዚህ አይጦች ልብና ኩላሊት ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ጉዳት ደረሰበት። ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚህ አንድ ቀን መድኃኒት ቢወጣ ብዬ ተመኘሁ፤ ከልቤ ተመኘሁ።

ግን አንድ ነገር አልገባህ አለኝ። የጥንቶቹ ቀጭኔዎች አንገት ቀድሞ ቢረዝም፣ ልቡ እስኪደርስለት እንዴት ቆመው ሄዱ? ልቡ ቀድሞ ቢጠነክርስ፣ ገና ላልመጣ አንገት ለምን ብሎ? እኩል እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ አደጉ ይሆናል። ታዲያ መጀመሪያ ጥቂቷን የጨመረው የትኛው ነው?