ከባሕር ወደ ሐይቅ፦ ያገለገለች ጀልባችንን ያመጣንበት ጉዞ

ቤተሰብ የሚያድርባት ጀልባ ፍለጋ ነው ወደ ባሕሩ የወረድነው። አልጋ፣ ትንሽ ማብሰያና መጸዳጃ ያላት፣ ዝናብ ሲመጣ ገብተን በር የምንዘጋባት ባለ ካቢን ጀልባ። የምንኖረው ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቃችን በወንዝ ከባሕር ጋር ይገናኛል። የሚሸጡ ጀልባዎች በብዛት ያሉት ደግሞ ባሕሩ ጋ ነው። ስለዚህ እዚያ ገዝተን፣ በራሷ ሞተር እየነዳን ልናመጣት ወሰንን።

መጀመሪያ ያየናት ጀልባ ልብ ትሰርቃለች። ፍራሾቹ አዲስ፣ መስታወቱ የተወለወለ፣ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ። ልጆቹ ገና ከመግባታቸው አልጋ ተከፋፈሉ። ባለቤቴም ወደደቻት። እኔ የቀጠርኩትን የጀልባ መርማሪ ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። መርማሪ መቅጠር ያለበት ገዢው ነው። ሻጩ ባመጣው ሰው ቃል ጀልባ አይገዛም።

መርማሪው ከኪሱ ትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ አወጣና የኋላውን ግድግዳ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጥርት ያለ ድምፅ። ወደ ሞተሩ ማሰሪያ ሲጠጋ ግን ድምፁ ታፈነ። የእርጥበት መለኪያውን ሲያስጠጋው ቁጥሩ ሽቅብ ተተኮሰ። የዚህ ዓይነት ጀልባ ሞተሩ ውስጥ ይቀመጥና ማሽከርከሪያው ከኋላ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ውሃው ይወርዳል። የስዊድኑ የጀልባ ሞተር አምራች ቮልቮ ፔንታ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ለቤተሰብ ጀልባ በጣም የተለመደ አሠራር ነው። ግድግዳው ከላይ ሲያዩት ፋይበርግላስ ነው፤ በብዙ ጀልባዎች ግን መሀሉ ፕላይውድ ነው። አንዲት የብሎን ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገች ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። የማሽከርከሪያው ክብደትና ግፊት የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ማሽከርከሪያው ግድግዳውን የሚያልፍበት የጎማ መሸፈኛም ተሰነጣጥቆ ነበር። ይህ ጎማ ያለው ከውሃው ወለል በታች ነው። ከተቀደደ ጀልባዋ በታሰረችበት ልትሰምጥ ትችላለች።

ትተናት ወጣን። ልጆቹ አኮረፉ፤ እኔ ግን ከዚህ አቋሜ ንቅንቅ አልልም። የቤተሰብ ጀልባ የሚገዛ ሰው ከወለሉ ሥር ይጀምር። ፍራሽ ይሰፋል፣ መጋረጃ ይቀየራል። የበሰበሰ ግድግዳ ማሠራት ግን ከጀልባዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛዋ በዕድሜ ትበልጣለች። ርዝመቷ 9 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሯ የናፍጣ ነው፣ ፕሮፔለሯን የሚያዞረው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ፍራሾቿ ወይበዋል። ሻጩ አዛውንት ናቸው። ከመምጣታችን በፊት በስልክ አንድ ነገር ለምኛቸው ነበር። «አባባ፣ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሱት።» ስንደርስ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ቃላቸውን ጠብቀዋል። የደከመ የናፍጣ ሞተር አመሉን የሚያወጣው ከቅዝቃዜ ሲነሳ ነው። አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል።

በአንድ ጊዜ ተነሳ። ትንሽ ነጭ ጭስ ተፋና ወዲያው ጠራ። ነጩ ሳይጠራ ቢቆይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ አለ ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ነው፣ አለዚያም በቂ አየር አያገኝም። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አየሁት። ጠቁሯል። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው። የሚያስፈራው ሲነጣ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና። ናሙናም ወስደን ላብራቶሪ ላክን። የተፋቀ ብረት፣ ጨው ወይም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለበት እዚያ ይታወቃል።

ልቤን ያሸነፈው ግን የሰውየው ደብተር ነው። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ሞተሩ የሠራው ሰዓት፣ የተቀየረው ፊልትሮ ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ተመዝግቧል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ጀልባውን ይወዳል።

ከውሃ ወጥታ ስትሰቀል መርማሪው ከሥር ገብቶ ቀፎዋን፣ ማለትም ውሃው የሚነካውን የውጭ አካሏን፣ በእጁ ዳሰሰ። ጥቃቅን እብጠቶች አገኘ። አንዷን በስለት ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ጠብታ ፈሳሽ ወጣች። «አሽትተው» አለኝ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ውሃ ዓመት እስከ ዓመት በላይኛው ሽፋን ውስጥ እየሰረገ ከፋይበርግላሱ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ነው እንዲህ የሚያብጠው። ጥቂትና ጥቃቅን ከሆኑ ጀልባ አያሰምጡም፤ ተፍቀው፣ ደርቀው ይደፈናሉ። ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ መነጋገሪያ ሆኑልን። ከዚያ ባሕሩ ላይ አውጥተን ጉልበቷን እስከ ጥግ ሰጠናት። ሞተሩ ፋብሪካው ያስቀመጠለትን የደቂቃ ዙር ሞላ። ሙቀቱም አልተነቃነቀም። ዙሩን ካልሞላ ወይ ፕሮፔለሩ አይመጥናትም፣ ወይ ሆዷ ቆሽሿል፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል። ተስማማን።

ለመንገዱ መለዋወጫ ገዛን። የናፍጣ ፊልትሮ በርከት አድርገን፣ ቀበቶ፣ የውሃ ፓምፑ ኢምፔለር (እየዞረ ውሃውን የሚገፋው የጎማ ክንፍ)፣ ዘይት። ለልጆቹ በክብደታቸው ልክ የተሠራ፣ በእግራቸው መሀል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው የሕይወት አድን ጃኬት። ማሰሪያው ከሌለ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ በጭንቅላቱ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ነዳጁን በሦስት ከፍለን አሰብነው፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ መጠባበቂያ። ሬዲዮውን የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ አድርገን፣ ማለዳ ላይ ተነሳን።

ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። ልጄን አንድ ሥራ ሰጠኋት። የፕሮፔለሩ ዘንግ ቀፎውን አልፎ የሚወጣበት ቦታ በቅባት በተነከረ ገመድ መሰል ማሸጊያ ይታሸጋል። ዘንጉ ሲዞር ይህ ማሸጊያ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጠብታ ማንጠባጠብ አለበት። ማሸጊያውን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነውና። ጭራሽ ካላንጠባጠበ ይግላል፣ ዘንጉንም ይበላል። በጣም ካንጠባጠበ ደግሞ ብሎኑ በትንሹ ይጠብቃል። እናቷ ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረችላትና ከዘንጉ ራቅ ብለው አብረው ተቀመጡ። አንዷ ባትሪ ታበራለች፣ አንዷ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች። «አባዬ፣ ሦስት!» ትለኛለች ከሥር። ለኔ ከዚያ የበለጠ መሣሪያ አልነበረም። ልጅ ጀልባን መውደድ የሚጀምረው እንዲህ እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ማዕበሉ ከጎን ይመታን ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ አለ። እንደ መታነቅ ይልና መልሶ ይነሳል። ምን እንደሆነ ገባኝ። ጀልባዋ ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። በቆመ ታንክ ውስጥ እርጥበት ውሃ ይሆንና ከናፍጣው ሥር ይተኛል፤ በሁለቱ መገናኛ ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። ጸጥ ባለ ውሃ ዝቃጩ ከሥር ተኝቶ አይታይም። ማዕበል ሲመጣ ሁሉም ተነስቶ ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። ሞተሩ ጨርሶ ሳይጠፋ ከንፋሱ ወደሚከልል ጥግ ጠጋ ብለን መልህቅ ጣልን። የለቀቅነው ሰንሰለትና ገመድ የጥልቀቱን ስድስት እጥፍ ያህላል። በጣም ካጠረ መልህቁ እየተጎተተ ሊነቀል ይችላል።

የፊልትሮውን መስታወት ስፈታው እጄ ላይ ጥቁር አተላ ተዝለገለገ። ታችኛው ውሃ ነው፣ በግልጽ ተለይቶ ይታያል። አዲስ ፊልትሮ አስገባሁ። ናፍጣ ላይ ሥራው በዚህ አያልቅም፤ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት። የማስተንፈሻዋን ብሎን ፈታ አድርጌ የእጅ ፓምፑን ደጋግሜ ጫንኩ። መጀመሪያ አረፋ ወጣ። ከዚያ አረፋና ናፍጣ። በመጨረሻ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ ሲወጣ አጠበቅኳት። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አጉረመረመና ተነሳ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እዚያው አደርን፤ ከወንዙ አፍ በፊትም ሌላ ፊልትሮ ቀየርን።

ወንዙ ላይ ጀልባን ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚያነሱ ባለ ሁለት በር ገንዳዎች አሉ። ገብተህ በሩ ከኋላህ ይዘጋል፣ ውሃው ይሞላል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ገመድ አይታሰርም። ዳር ባለው ምሰሶ ላይ ዞር አድርጎ ጫፉን በእጅ ይዞ፣ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር መሳብ ነው። የታሰረ ገመድ ጀልባዋን ሊያዘነብላት፣ ራሱም ተበጥሶ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ትልቁ ልጄና እናቱ ሥራውን ካሰብኩት በላይ ተካኑበት።

ሐይቃችን ስንደርስ መጀመሪያ ያሠራሁት ከውሃ አውጥቼ ከሥሯ የተገጠሙትን ዚንኮች ማስቀየር ነው። ውሃ ውስጥ የተለያየ ብረት አንድ ላይ ሲሆን አንዱ ሌላውን ይበላል። ዚንኩ የሚገጠመው ፕሮፔለሩና ዘንጉ እንዳይበሉ በእነሱ ፈንታ እሱ እንዲበላ ነው። ጨዋማ ውሃ ላይ ዚንክ ጥሩ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ግን ቅርፊት ይይዝና ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ በማግኒዚየም ተካሁት። ግማሹ ሲበላ ይቀየራል፤ ቀለም ደግሞ በፍጹም አይቀባም።

አሁን በየዓመቱ የማልዘለው ሥራ አለኝ። የፓምፑን ኢምፔለር እቀይራለሁ። ቆማ የምትከርምበት ወቅት ሲመጣ ዘይቷን ከመቆሟ በፊት እቀይራለሁ፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ሞተሩን እየበላ እንዳይከርም። ከውሃው ወለል በታች ያሉትን ቫልቮች በየወሩ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ቫልቭ ካልተነካ ይነክሳል፤ ቱቦ በፈነዳ ቀን አልዘጋም ይላል። በየቱቦው ጫፍ ሁለት ሁለት ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አስሬያለሁ። ልጆቹ ከሚተኙበት አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሰቅያለሁ። የማብሰያው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ሄዶ ከወለሉ ሥር ይከማቻል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩን ማፍሰሻው ወደ ውጭ በሆነ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል።

የቀረው ታንኩ ነው። የሚመጣው ሳምንት ናፍጣው በሙሉ ይቀዳና ታንኩ ተከፍቶ ይታጠባል። በዚያው ሁለተኛ ፊልትሮ ጎን ለጎን አስገጥማለሁ፤ አንዱ ሲደፈን ሞተር ሳናጠፋ ወደ ሌላው በቁልፍ እንድናዞር።