የአባቱን ርስት ለጫካ የሰጠ ቤተሰብ

ሰሞኑን ስለ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ቤተሰብ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. በ81 ዓመቱ አርፏል። ስሙን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ ፎቶውን ሳያይ አይቀርም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ኮረም መጠለያ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የቆሙትን ወገኖቻችንን ያነሳው እሱ ነው። እኔን ግን ከፎቶዎቹ ይልቅ የቤተሰቡ መሬት ነው ያስጨነቀኝ።

መሬቱ አይሞሬስ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ በሪዮ ዶሴ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስፋቱ ወደ 700 ሄክታር ይሆናል። ሴባስቲያዎ ልጅ ሳለ ከአካባቢው ግማሽ ያህሉ ጫካ ነበር። አባቱ ከብት አርቢ ነበሩ። ዛፉን እየቆረጡ ሸጡ፣ ቦታውን ግጦሽ አደረጉት፣ ስምንት ልጆች አስተማሩበት። እውነቱን ለመናገር አባትየውን ለመውቀስ አንደበት የለኝም። ስምንት ልጅ ያለው ሰው ግንድ ሲያይ የሚታየው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

መሬቱ ግን አልቻለም። አፈሩ ታጠበ፣ ምንጮቹ ደረቁ፣ ሣሩም ለከብት የማይበቃ ሆነ።

ሴባስቲያዎና ባለቤቱ ሌሊያ በ1969 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ወታደራዊ አገዛዝ ሸሽተው ፈረንሳይ ገብተው ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳን እልቂት ፎቶ ሲያነሳ ከርሞ ጤናው ተቃወሰ። ሐኪሙም ይብቃህ አለው። ወላጆቹ እርሻውን ያስረከቡት በዚያው ሰሞን ነው። «ለምን ጫካውን መልሰን አንተክለውም?» ያለችው ሌሊያ ናት። ሲወራ የሱ ስም ይቀድማል እንጂ ሐሳቡ የሷ ነው።

በ1998 እ.ኤ.አ. ኢንስቲትዩቶ ቴራ የሚባል ተቋም መሠረቱ። አብዛኛውን መሬትም በብራዚል ሕግ በግል የተያዘ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ አድርገው አስመዘገቡት። እኔ ቆም ብዬ ደጋግሜ ያነበብኩት ይሄን ነው። እንዲህ ያለው ምዝገባ ዘላለማዊ ነው። ባለቤት ቢቀየር፣ መሬቱ ቢሸጥ፣ ወራሽ ቢመጣ አይነሳም። ሲመዘገብ ደግሞ ጫካ የሚባል ነገር አልነበረበትም ማለት ይቻላል፤ የተራቆተ ኮረብታ ነው። ወንድምና እህት በአንድ ቁራሽ መሬት ዓመታት ሲካሰሱ ላየ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ችግኝ ማንም ይተክላል። የልጅ ልጅ እንዳያርሰው አስሮ ማለፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ተከላውም እንደ ወሬው ቀላል አልሆነላቸውም። መጀመሪያ ላይ ከተተከለው ብዙው ሞቷል። ቀስ በቀስ የራሳቸውን ችግኝ ጣቢያ አቋቁመው የአገሩን ዛፎች ዘር እየለቀሙ ያፈሉ ጀመር። ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተተክለዋል። ወፎቹ ተመለሱ፣ አውሬው ተመለሰ፣ ምንጮቹም መፍሰስ ጀመሩ።

በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከወንዙ ላይኛው ክፍል፣ ማሪያና በምትባል ከተማ አካባቢ የማዕድን ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደረመሰ። 19 ሰዎች ሞቱ። ጭቃው በሪዮ ዶሴ በኩል እስከ ውቅያኖስ ወረደ። የአንድ ቤተሰብ ጫካ የቱንም ያህል ቢያምር እንዲህ ያለውን ጎርፍ አያቆምም። ይሄ ሲታሰብ ተስፋ ያስቆርጣል።

ደግነቱ ሥራቸው በራሳቸው አጥር ውስጥ ብቻ አልቀረም። ተቋሙ የጎረቤት ገበሬዎችን ምንጮችም ያስከብራል። ከብት እየረገጠ እንዳያደርቀው ምንጩ ዙሪያውን ይታጠራል፣ ችግኝም ይተከልበታል። ከሚሊዮኖቹ ዛፎች ይልቅ እኔ ለዚህ አጥር አደላለሁ። እነዚያ ገበሬዎች እንደ ሴባስቲያዎ አባት ልጆቻቸውን በከብት የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። የጎረቤታቸው ምንጭ ሲመለስ በዓይናቸው ባያዩ ኖሮ፣ ማንም መጥቶ ቢሰብካቸው ከግጦሻቸው አንዲት ክንድ የሚቆርሱ አይመስለኝም።