አንቺሆዬን ከፕላስቲክ ቱቦ ማውጣት

ክራር ቅኝት ሲቀየርበት ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ይበቃዋል። የዋሽንት ቅኝት ግን በመጋዝና በመሰርሰሪያ ያልቃል። በትዝታ ቅኝት የተበሳ ዋሽንት በሌላው ቅኝት፣ በአንቺሆዬ፣ ተጫወት ቢባል፣ ቀዳዳውን በጣት ግማሹን ከፍቶ ከማስመሰል በቀር መላ የለውም። ዋሽንት ነፊ ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ለጌጥ አይደለም።

አራት ቀዳዳ፣ ሁሉም ተዘግቶ ከሚወጣው ድምፅ ጋር አምስት ይሆናል። ለሠሪ ፈተናው አንቺሆዬ ነው። በፒያኖ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፤ አንዱ እርምጃ ጠባብ፣ ቀጣዩ ዝላይ። ያ ዝላይ ቱቦው ላይ ሲወርድ ጣት የማይደርስበት ርቀት ይሆናል።

ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆረጥ። የሚነፋበት ጫፍ ከውጭ በኩል በሞረድ ይሳል፤ ወፍራም ከቀረ ከድምፁ ይልቅ ትንፋሹ ይሰማል። ቀዳዳ ሳይበሳ ተነፍቶ በስልክ መቃኛ ይለካ። 327 ኸርዝ ቢል፣ የድምፅን ፍጥነት፣ በሰከንድ 34,300 ሴንቲ ሜትርን፣ ለ327 እጥፍ፣ ማለትም ለ654 ማካፈል 52.4 ይሰጣል። ቱቦው 50 ሆኖ ሳለ አየሩ የ52.4 ያህል ነው የሚርገበገበው። ከትርፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ የታችኛው ጫፍ ነው፤ የቀረው 1.9 የከንፈር ነው፤ እንደ አነፋፉም ይለያያል።

አራቱ ድምፆች ከዶ በስንት እጅ እንደሚበልጡ የሚናገሩት ቁጥሮች 1.059፣ 1.335፣ 1.414 እና 1.682 ናቸው። 52.4 ለእያንዳንዳቸው ተካፍሎ ከየውጤቱ 1.9 ሲቀነስ፣ ከአፍ ጫፍ 47.6፣ 37.4፣ 35.2 እና 29.3 ይመጣል። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ይበሳና የዋሽንቱ ድምፅ ሁሉ ወርዶ ያገኘዋል። ቁጥሩ ቱቦው እዚያ ጋ ቢቆረጥ የሚሰጠውን ድምፅ ገደማ ነው የሚናገረው፤ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ግን የመቆረጥን ያህል አይከፍትም። ስለዚህ ሁሉም ምልክት ወደ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሳብ።

በታችኛውና በሁለተኛው ቀዳዳ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ አለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ተጣብቀዋል ማለት ይቻላል። የላይኞቹን ሦስቱን ለአንድ እጅ፣ የታችኛውን ብቻ ለሌላው መስጠት ነው የሚያዋጣው። ሁለት ሁለት ብሎ ማካፈል ለትዝታ ይመቻል፤ እዚህ ግን ጣት ይገነጥላል።

ክብ ቱቦ ላይ መሰርሰሪያ ይንሸራተታል፤ በጋለ ምስማር ቀድሞ ነጥብ ማስያዝ። በ5 ሚሊ ሜትር ተጀምሮ ከታች ወደ ላይ እየተበሳ በክብ ሞረድ ይሰፋል። ሲሰፋ ድምፁ ይወጣል። አንዱን ቀዳዳ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ አይበጅም፤ በኋላ የሚበሱት ሲዘጉም የታችኞቹን ትንሽ ያወርዳሉ፤ የመጨረሻው ሙረዳ ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። ከልክ በላይ ከወጣ በአፍ በኩል ባለው የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሰም ይለጠፍ። ውስጥ የቀረ የቀለጠ ፕላስቲክም ድምፅ ያሻክራል።

የፒያኖ ቁጥር እዚህ ድረስ ነው የሚያደርሰው። ሬ ቤሞሏን ከመቃኛው ቀስት ይልቅ በጆሮ፣ ከተቃኘ ክራር ወይም ማሲንቆ ጋር አስተያይቶ መጨረስ ይሻላል። መጀመሪያ ግን ዋሽንቱ ሁለት ደቂቃ ይነፋና ይሙቅ፤ አንድ ዲግሪ ሙቀት 3 ሴንት ያህል ይለውጣል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። በጠዋት ብርድ የተሞረደ ቀዳዳ ከሰዓት በኋላ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያኔ ሰሙ ያስፈልጋል።