ባዶ ሃይላንድ፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን

ስለ አገራችን ከፍታ ሲወራ የሚቀድሙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር፣ የደናክል ረባዳ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ። (ራስ ደጀን በድሮው መጽሐፍ 4,620 ነበር። ተራራው አላጠረም፤ ልኬቱ ነው የታረመው።) በእነዚህ ሁለት ጫፎች የሚኖር ሰው ግን ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ከፍታን የምናውቀው በዳገትና በቁልቁለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ እንደ ዓባይ በረሃ የሚያስተምር መንገድ አላውቅም።

ጎሃ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታች ያለው የዓባይ ድልድይ 1,050 አካባቢ ነው። ማዶ ያለችው ደጀን እንደገና ከ2,400 በላይ። ይህ ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ያልቃል።

ጎሃ ጽዮን ላይ ውሃውን ጠጥታችሁ ባዶውን ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ መኪናው ውስጥ ጣሉት። (የውሃ ላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ መባሉ፣ ስሙም የደጋ አገር ማለት መሆኑ ለዚህ ሙከራ ሳይታሰብ ገጥሟል።) ታች ስትደርሱ ጎኑ ገብቶ ተጨራምቶ ታገኙታላችሁ። ላይ የታሸገው አየር ስስ ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ አየር ሦስት አራተኛው ግድም ብቻ። ታች ያለው ወፍራም አየር ይጫነዋል። ጆሮም የሚደፈነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምራቅ መዋጥ ይበቃዋል።

ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ድልድዩ ጋ በ9 ዲግሪ ያህል የሚበልጥ ሙቀት ይቀበለዋል። እርሻውም አብሮ ይለወጣል። ላይ ጤፍና ስንዴ፤ ወረድ ሲሉ ማሽላ፤ ከ1,500 በታች ግራርና የቆላ ቁጥቋጦ። መንደሮቹ አፋፉ ላይ የተደረደሩት እይታው ስላማረ አይደለም፤ ታች ሙቀትና ወባ አለ።

የገደሉ ግድግዳም በራሱ መጽሐፍ ነው። ከላይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የሠራው ጥቁር ባዛልት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ጭቃማ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲጠጉ የአሸዋ ድንጋይ። መንገዱን የሚያስቸግረው ይህ አደራደር ነው። የክረምት ውሃ በላይኞቹ ስንጥቆች በቀላሉ ይሰርጋል፤ ጭቃማው ላይ ሲደርስ መውረጃ ያጣና ያሟልጨዋል፤ ከላይ ያለው ተሸክሞት የነበረውን አስፋልት ይዞ ይንሸራተታል። አስፋልቱ እንደ ማዕበል ተጥመልምሎ ስታዩ ጥፋቱን ሁሉ ሥራ ተቋራጩ ላይ አትጣሉ።

አሁን ዋናው፣ ፍሬን። የድሮ ሾፌሮች ሕግ አንድ ናት፤ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ አልገባም ይላል፣ መሐል ላይ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት) ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ ተስፋው ፍሬን ብቻ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ደግሞ ሞኝነት ነው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ መርገጥም ሸራውን (ተፋትጎ ጎማውን የሚይዘውን ክፍል) ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ሸራው መያዝ እያቆመ ነው ማለት ነው። በትንሽ መኪና ላይ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል፣ በተለይ ዘይቱ ለዓመታት ካልተቀየረ። የሚሻለው ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ማውረድ፣ መልቀቅ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መርገጥ ነው። ከሸተተ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቶ፣ እስኪበርድ መጠበቅ። የጋለ ታምቡር (ሸራው የሚፋተግበት ብረት) ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

ለመውጣቱ ሌላ ሒሳብ አለ። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። ደጀን አፋፍ ላይ ሲደርስ ሩቡን ያህል የለም፤ ስለዚህ አይፈረድበትም።

በአየር ግፊት ከፍታ የሚለካ የእጅ ሰዓት ያላችሁ ደግሞ ከመውረዳችሁ በፊት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ አስተካክሉት። የአየር ግፊት በእኛ አገር በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ግድም ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ግድም ዝቅ ይላል። እዚህ ከፍታ ላይ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ሲቀንስ ሰዓቱ 11 ሜትር ያህል እንደ መውጣት ስለሚቆጥረው፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዓት ማታ ሳይደርስ 30 ሜትር ያህል ዳገት ወጥቻለሁ ሊል ይችላል። የስልኩ ጂፒኤስም ገደሉ ውስጥ ሰማይ ስለሚጠብበት ይዘላብዳል።

የተጨራመተውን ሃይላንድ ታች ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉት። ደጀን ስትደርሱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ክዳኑ ሲላላ ትስስ ይላል።