ግራይንደር ብቻ አይለገስም

ሕንፃ ሲደረመስ መብራት ወይ በራሱ ይጠፋል፣ ወይ ለደኅንነት ሲባል ይቆረጣል። ስለዚህ ከቸርችል ጎዳና እስከ መርካቶ የኮንስትራክሽን መሣሪያ የምትሸጡ ድርጅቶች ለነፍስ አድን ሠራተኞች ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረትና ኮንክሪት የሚቆርጥ ማሽን) ልትሰጡ ስትነሱ፣ በባትሪ የሚሠራውን አስቀድሙ። ማሽኑ ራሱ ግን የልገሳው ትንሹ ክፍል ነው።

የ18 ቮልት፣ 5 አምፒር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 90 ዋት-ሰዓት ነው። የሶሌታ ፌሮ ያለ ዕረፍት የሚቆርጥ ግራይንደር ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ መልሶ ለመሙላት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለአንድ ማሽን ቢያንስ 4 ባትሪና 2 ቻርጀር ስጡ። የአንዱ ብራንድ ባትሪ ለሌላው ስለማይገጥም ብራንድ አታደባልቁ። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ በእኛ 220 ሲሰካ ይቃጠላል።

ጄኔሬተር ስትሰጡም ከፍታውን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2 ኪሎዋት የሚለው ማሽን እዚህ 1.5 ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ባለ 2,000 ዋት ግራይንደር ሲነሳበት ይጠፋል። ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። ጭነት አሸክማችሁ ሳትሞክሩ አታስረክቡ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዲስክ ነው። የመጋዘን ማጽጃ የሆነ ልገሳ ሰው ይጎዳል። የብረት መቁረጫ ዲስክ መሃሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የአገልግሎት ማብቂያው ተጽፎበታል፤ ዘመኑ ያለፈ ወይም እርጥበት ያገኘው በሙሉ ፍጥነት ሲሽከረከር ይፈነዳል። የ230 ሚሊሜትር ዲስክ ብዙውን ጊዜ እስከ 6,600 ዙር በደቂቃ ነው የሚችለው፤ መከላከያውን ፈትቶ 11,000 በሚዞር ትንሽ ግራይንደር ላይ ማሰር ሞትን መጋበዝ ነው። የቡታጋዝ ሽታ ባለበት ደግሞ ብልጭታ ስለማይፈቀድ በእጅ የሚሠራ የፌሮ መቁረጫ መቀስ ጨምሩ።

ለኮንክሪት የሚሆነው ሁሉ ለአፈር አይሆንም። ሐምሌ 2016 በገዜ ጎፋ መሬት ሲንሸራተት ሰው በአካፋና በእጁ ነበር የቆፈረው፤ ለመርዳት የሮጡትም ዳግም በተናደው አፈር ተቀበሩ። ለዚያ ዓይነቱ አካፋ፣ ዶማ፣ ገመድ፣ ቃሬዛና የግንባር መብራት ይቀድማል። ጥቅምት 2017 መርካቶ ውስጥ ያለው ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን ሥራ አክብዶ ነበር፤ እንዲህ ላለው ሰፈር በሰው እጅ የሚገፋ ፓምፕና ረጅም ቱቦ ይጠቅማል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የከተማውን የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን በደብዳቤ ጠይቁ። 939 የአደጋ ጥሪ ብቻ ነውና በዚያ አትደውሉ።

ከእያንዳንዱ ግራይንደር ጋር 25 ዲስክ፣ 2 ጥንድ ካርቦን (ሞተሩ ውስጥ እየተበላ የሚቀየር የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ)፣ የዲስክ መፍቻ ቁልፍ፣ መነጽርና ኤን 95 ማስክ በአንድ ሳጥን እሰሩ። መፍቻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ያለ እሱ ዲስክ አይቀየርም። ካርቦን የሌለው ብራሽለስ ሞተር ከሆነ በምትኩ አንድ ባትሪ ጨምሩ። የሳጥኑ ክዳን ላይ ዝርዝሩን በአማርኛ ለጥፉ፣ ቴክኒሺያናችሁንም ለግማሽ ቀን ልካችሁ ዲስክ አቀያየሩን በተግባር ያሳይ።