አር-390ኤን ሳይሰብሩ መፍታት

አር-390ኤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ጦር የተሠራ የቫልቭ ሬዲዮ መቀበያ ነው። ከ500 ኪሎኸርዝ እስከ 32 ሜጋኸርዝ ይሰማል፤ ክብደቱ 38 ኪሎ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1977 አስመራ በቆየው የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ ጣቢያ፣ በቃኘው፣ ይሠሩ የነበሩ አሜሪካውያንም ያዳምጡ የነበረው በዚህ ቤተሰብ መቀበያዎች ነው። ዛሬ ከትርፍ ዕቃ ገዝቶ ክዳኑን የሚያነሣ ሰው ጥርስ በጥርስ የተነከሰ፣ ሻፍት በሻፍት ላይ የተደራረበ ነገር ይጠብቀዋል። ከየት እንደሚጀመር ግራ ያጋባል። መሣሪያው ግን በስድስት ክፍል ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ሳይበየድ እንዲነቀል ሆኖ ነው የተሠራው። ስለዚህ አንድ ክፍል አልወጣም ካለ ያላያችሁት ብሎን ወይም ማያያዣ አለ ማለት ነው። በካቻቢቴ አትፈልቅቁት።

መንገዱን የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም ነው። ክፍሎቹን ከዋናው ሻሲ ጋር የያዙት ብሎኖች አናታቸው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ሲላሉም ከቦታቸው አይወድቁም። ሌላውን ብሎን አትንኩ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አቧራና ቫርኒሽ የሸፈነው ወይም ሽቦ የጋረደው አንድ ብሎን ነው። በመብራትና በትንሽ መስታወት ፈልጉት።

ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ይነቀል። ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ ዲሲ ስለሚሠራ ካፓሲተሮቹ (ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው የሚቆዩት) የያዙትን ኤሌክትሪክ በ10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ለአሥር ሰከንድ ያህል አፍስሱና ዜሮ መሆኑን በቴስተር አረጋግጡ። ሁለተኛው አደጋ የፊት ፓነሉ ሁለት ሜትሮች (ባለ ቀስት መለኪያዎች) ናቸው። የድሮዎቹ ቁጥራቸው በራዲየም ቀለም የተጻፈ ነው። ማብራቱን አቁሟል ማለት ጨረሩ አልቋል ማለት አይደለም፤ የደከመው የሚያበራው ቀለም ነው፣ ራዲየሙ በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ነው። ሜትሩን አትክፈቱ፣ አትፋቁ። ጦሩ የሸጣቸው ብዙዎቹ ሜትራቸው ተነቅሎ የተሸጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማዞሪያዎቹና የክላምፖቹ (ሻፍት ጨብጠው የሚይዙት ቀለበቶች) ብሎኖች ብሪስቶል የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ ቁጥር 8፣ ስድስት ጎድጎዳ ያለው። ቁልፉ ከኋላው ፓነል ላይ ተሰክቶ ይመጣ ነበር፣ አሁን ግን ብዙውን ጊዜ ጠፍቷል። ተራ የአለን ቁልፍ የሚገባ ይመስላል፤ ሲጠመዘዝ ግን ጎድጎዳውን ይበላውና ብሎኑ በመሰርሰሪያ ካልሆነ አይወጣም። ትክክለኛውን ቁልፍ ሳትይዙ አትጀምሩ። የተጣበቀ ከሆነ የጋለ ሳልዳቶሬ (የመበየጃ ብረት) ጫፍ ብሎኑ ላይ ለአንድ ደቂቃ አሳርፉ፤ ቫርኒሹ ይለሰልሳል። ከዚያ መጀመሪያ በጥቂቱ አጥብቁት፣ ቀጥሎ አላሉት።

ከታች በኩል ጀምሩ። የኃይል ክፍሉና የድምፅ ክፍሉ ከፊት ፓነሉ ጋር ስለማይገናኙ ማገናኛቸውን ነቅሎ አረንጓዴዎቹን ማላላት ይበቃል። ከላይ ያለው የአይኤፍ (የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ) ክፍል ሲወጣ የባንድዊድዝ (የሚያልፈው ሞገድ ስፋት መምረጫ) እና የቢኤፍኦ (ሞርስ ለማዳመጥ የሚረዳው ኦሲሌተር) ሻፍቶች ክላምፕ ይላላና ማዞሪያዎቹ ወደ ፊት ይሳባሉ፤ ይህን የዘነጋ ሰው ሻፍቱን ያጣምማል። የአርኤፍ ክፍሉ (ከአንቴና የመጣውን ሞገድ የሚቀበለው) ግን የፊት ፓነሉ ካልተነሣ አይወጣም። ከወጣ በኋላ የሜጋሳይክልንም የኪሎሳይክልንም ሻፍት (ጣቢያ የሚመረጥባቸውን) አታዙሩ። ጥንዶቹ ጥርሶች በስፕሪንግ የተወጠሩ ናቸው፤ አንዴ ከተላቀቁ ልኩን እንደገና ማስያዝ ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው።

ፒቲኦ የሚባለው ተስተካካይ ኦሲሌተር አንድ ሜጋኸርዝን በአሥር ዙር ይሸፍናል። ከመንቀል በፊት የቁጥሩን ንባብ ጻፉ፣ ሻፍቱ ላይም ምልክት አድርጉ። መጋጠሚያው መካከል ያለችው ዲስክና ትንሿ ስፕሪንግ በቀላሉ ይወድቃሉ፤ ሥር ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ።

ክፍሎቹ ከወጡ አይቀር አንድ ሥራ ሳይሠራ አይመለሱ፦ በአይኤፍ ክፍል ውስጥ ሲ553 የተባለውን 0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በአዲስ 600 ቮልት ፊልም ካፓሲተር መተካት። ከፍተኛውን ቮልቴጅ ከሜካኒካል ፊልተሮቹ (የተፈለገውን ሞገድ ብቻ ከሚያሳልፉት) የሚለየው እሱ ነው። ካፈሰሰ ቮልቴጁ ወደ ፊልተሮቹ ጥቅል ሄዶ ያቃጥላቸዋል። ካፓሲተሩ ርካሽ ነው፤ አራቱ ፊልተሮች ግን (2፣ 4፣ 8 እና 16 ኪሎኸርዝ) በቀላሉ ምትክ አይገኝላቸውም። በእኔ እምነት ይህን ሳይቀይሩ ኤሌክትሪክ ማስገባት ጥፋት ነው።

ሲገጠም በተቃራኒው ቅደም ተከተል ነው፤ አረንጓዴዎቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ አጥብቁ። አገራችን 220 ቮልት ስለሆነ የኃይል ክፍሉ ላይ ያለው 115/230 መቀየሪያ 230 ላይ መሆኑን እዩ። የመግቢያው ፊልተር ወደ ሻሲው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ሻሲው ከመሬት ሽቦ ጋር ሳይታሰር አይሰካ።